ክሬዲት ፍሪዝ በነፃ፦ ሦስቱ ድርጅቶች ሲመዘኑ

አሜሪካ ውስጥ ሌላ ሰው በስምዎ ብድር እንዳይወስድ የሚከለክል፣ ገንዘብ የማያስወጣና በሕግ የተረጋገጠ አንድ መሣሪያ አለ። የክሬዲት ሪፖርትን፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪክዎን የያዘውን ፋይል፣ ማገድ ነው፤ በተለምዶ «ፍሪዝ» የሚባለው። እዚህ የምንመዝነው ይህን ፋይል የሚይዙት ሦስቱ ትልልቅ የክሬዲት ድርጅቶች፣ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ ይህን አገልግሎት እንዴት እንደሚሰጡት ነው። ፍሪዙ ራሱ ከአምስት አምስት ይገባዋል። አሰጣጡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሦስቱም ነፃውን ከሚሰጡዎ የሚሸጠውን ቢገዟቸው ይመርጣሉ፤ ስለዚህ የፈለገውን ነገር በስሙ ጠርቶ ያልጠየቀ ደንበኛ ሌላ ነገር ይዞ ሊወጣ ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሌባ ስምዎን፣ የልደት ቀንዎንና የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርዎን ይዞ ክሬዲት ካርድ ወይም የመኪና ብድር ሲያመለክት፣ አበዳሪው ከሦስቱ ከአንዱ ወይም ከሁሉም ዘንድ ሪፖርትዎን ይጠይቃል። ፋይሉ ታግዶ ከሆነ የሚደርሰው «ታግዷል» የሚል መልስ ብቻ ነው። የብድር አከፋፈል ታሪክ ሳያይ ለማያውቀው ሰው የሚያበድር ባንክ ብርቅ ስለሆነ ማመልከቻው እዚያው ይቀራል። ፍሪዝ የክሬዲት ነጥብዎን (ስኮርዎን) አይነካም፤ ያሉዎትን ካርዶች አይዘጋም፤ በየወሩ የሚከፍሉት ዕዳ መመዝገቡን አያስቆምም። የራስዎን ሪፖርት ማየትም አይከለክልዎትም።

መብቱ በአንድ ጊዜ የተገኘ አይደለም። ካሊፎርኒያ በ2003 ሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ ፈር ቀደደ፤ ሌሎች ስቴቶችም ተከተሉ። ሆኖም በብዙዎቹ ስቴቶች ለማገድም ለማንሳትም በየድርጅቱ ክፍያ ነበረው፤ 10 ዶላር የተለመደ ነበር። ባልና ሚስት በሦስቱም ዘንድ ለማገድ ብቻ 60 ዶላር ያወጡ ነበር ማለት ነው፤ ቤት ሊገዙ ሲነሱ ለማንሻው ደግሞ እንደገና። ነገሩን የቀየረው የኢኩፋክስ መዘረፍ ነው። በሴፕቴምበር 2017 ድርጅቱ ወደ 143 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች መረጃ እንደተወሰደበት ይፋ አደረገ፣ ቁጥሩም በኋላ ወደ 147 ሚሊዮን ከፍ አለ፤ ሌቦቹ የገቡት መጠገኛው አስቀድሞ ወጥቶለት ባልተደፈነ የሶፍትዌር ቀዳዳ ነበር። በሜይ 2018 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከሴፕቴምበር 21 ቀን 2018 ጀምሮ ማገድም ማንሳትም በመላ አገሪቱ ነፃ እንዲሆን አደረገ። ዛሬ ለፍሪዝ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ሰው ወይም ድረ ገጽ ካለ ወይ ሌላ ዕቃ እየሸጠልዎ ነው፣ ወይ እያጭበረበረዎ ነው።

ሕጉ ጊዜም ቆርጧል። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የቀረበ የማገድ ጥያቄ ቢዘገይ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። የማንሳት ጥያቄ ደግሞ በአንድ ሰዓት። በፖስታ ከሆነ ደብዳቤው በደረሳቸው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። በተግባር በኢንተርኔት የተጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ያልቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን አግዶ ሦስቱም የታገዱ ሲመስለው ነው። ፍሪዝ በየድርጅቱ ለየብቻ ነው የሚጠየቀው፤ አንዱ ለሌላው አይነግርም። የሚነጋገሩት ለ«ፍሮድ አለርት» ነው። እሱ አበዳሪው ከማበደሩ በፊት ማንነትዎን አጣርቶ እንዲያረጋግጥ የሚያሳስብ ምልክት ሲሆን፣ ለአንዱ ካመለከቱ ሁለቱ ይነገራቸዋል፤ አንድ ዓመት ይቆያል፣ ሊታደስም ይችላል። ማንነቱ በእርግጥ ለተሰረቀና ሪፖርት ላቀረበ ሰው ለሰባት ዓመት የሚቆይ አለ። ግን አለርት ሪፖርቱን አይዘጋም፤ አበዳሪው ቸልተኛ ከሆነ ምልክቱን አይቶ ሊያልፈው ይችላል። በመሆኑም አለርቱ የፍሪዝ ምትክ ሳይሆን ተጨማሪ ነው።

ድርጅቶቹ አንድ በአንድ

በኢኩፋክስ እንጀምር። ያን ያህል ሕዝብ ያጋለጠው ድርጅት ዛሬ ከሦስቱ ቀለል ያለውን ፍሪዝ መስጠቱ ያስገርማል። «ማይ ኢኩፋክስ» የሚባለውን ነፃ አካውንት ከከፈቱ በኋላ ማገድ፣ ለጊዜው ማንሳትና ጨርሶ ማንሳት ያለ ብዙ ፍለጋ ይገኛሉ። ቀድሞ ላገደ ሰው ሁሉ ፒን ይሰጥ ነበር። በ2017 ያ ፒን ጥያቄው የቀረበበት ቀንና ሰዓት እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ታወቀ፤ መቼ እንዳገዱ የገመተ ሌባ ፒኑንም ሊደርስበት ይችል ነበር። አሁን ፒኑ ቀርቶ ሥራው በአካውንቱ ሆኗል። ይህም ማለት ጥበቃው በሙሉ በይለፍ ቃልዎና አካውንቱን በከፈቱበት ኢሜይል ላይ ወድቋል፤ ኢሜይሉ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከሌለው ፍሪዙም የላላ ነው። ስልክ ለሚቀናው 888-298-0045 ነው። ከአምስት አራት እንሰጠዋለን።

ትራንስዩኒየን ዘንድ ለፍሪዝ የሚሆነው አካውንት ነፃ ሲሆን፣ በየወሩ ከሚከፈልበት የክትትል አባልነት የተለየ ነው። ሁለቱን ማምታታት ቀላል ስለሆነ ክሬዲት ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ላይ ከደረሱ መንገድ ስተዋልና ወደኋላ ይመለሱ። ለጊዜው ሲያነሱ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን መምረጥ ይቻላል፤ ቀኑ ሲያልፍ ራሱ ይመለሳል። ስልኩ 800-916-8800 ነው። ነጥብ የሚያስቀንሰው ታሪኩ ነው። በኦክቶበር 2023 የፌዴራሉ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ድርጅቱ 8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አዘዘ፤ 3 ሚሊዮኑ ለሸማቾች ካሳ፣ 5 ሚሊዮኑ ቅጣት። ጥፋቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያቀረቡትን የማገድና የማንሳት ጥያቄ በወቅቱ ሳይፈጽም፣ ለአንዳንዶቹም ተፈጽሟል ብሎ መንገሩ ነበር። ስለዚህ እዚህ ካገዱ በኋላ ከአካውንቱ ወጥተው እንደገና ይግቡና ምልክቱ «ታግዷል» ማለቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ የማረጋገጫውን ገጽም ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ሦስት ተኩል።

ኤክስፒሪያን የመጨረሻውን ቦታ የሚይዘው ፍሪዙ ስለማይሠራ አይደለም፤ ይሠራል። ችግሩ የማስታወቂያው ብዛት ነው። ነፃ አባልነት ከፍተው ሲገቡ ካርድ፣ ብድር፣ ኢንሹራንስና ከፍ ያለ አባልነት ይቀርብልዎታል፤ «ክሬዲት ሎክ» የተባለው መቆለፊያ ከሚከፈልበት አባልነት ጋር ስለሚመጣ ከፍሪዙ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። የሚፈልጉት ቃል «ሴኪዩሪቲ ፍሪዝ» ነው፤ በዚያ ስም ፈልገው ያግኙት። ሌላም ጉድለት አለ። በ2022 አንድ ሰው የሌላውን ሰው መረጃ ይዞ፣ አዲስ ኢሜይል በመስጠት ብቻ፣ ቀድሞ የተከፈተውን አካውንት እንደ አዲስ ከፍቶ ሊረከበው እንደሚችል በጋዜጠኞች ተጋልጧል። ስለዚህ ከድርጅቱ «ኢሜይልዎ ተቀይሯል» የሚል መልእክት ከመጣ እንደ ተራ ማስታወቂያ አይለፉት፤ በዚያው ሰዓት 888-397-3742 ይደውሉ። ሦስት ከአምስት።

ስለ «ሎክ» ትንሽ ጨምረን እንበል፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ሎክም ሪፖርቱን ይዘጋል፤ በስልክ መተግበሪያ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ ይመቻል። ልዩነቱ ከኋላው ያለው ነው። ፍሪዝን የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ ነው፤ ድርጅቱ ቢያጎድል ጥሰት ይሆናል። ሎክን የሚያስተዳድረው እርስዎ ሳያነቡ የተስማሙበት ውል ነው፤ ውሉ ሊቀየር፣ ዋጋው ሊጨምር፣ ክርክር ሲነሳም ፍርድ ቤት መሄድን ሊከለክል ይችላል። በነፃ የሚያገኙትን የተሻለ ነገር ትተው ለዚህ በየወሩ የሚከፍሉበት ምክንያት አይታየንም። ወርሃዊ የክትትል አገልግሎትም ቢሆን የሚነግርዎ አካውንቱ ከተከፈተ ወይም ማመልከቻው ከገባ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ሪፖርትዎን ራስዎ ማየት ከፈለጉ ሦስቱ በጋራ በሚያቀርቡት «አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት» በተባለው ድረ ገጽ በየሳምንቱ በነፃ ይገኛል። በወረርሽኙ ጊዜ ለጊዜው ተብሎ የተጀመረው ይህ አሠራር በ2023 ቋሚ ሆኗል።

ገጾቹን በፍለጋ አይግቡባቸው። ከውጤቶቹ አናት ላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው፤ ስማቸውን አስመስለው የሚሠሩ አጭበርባሪዎችም አሉ። አድራሻውን ራስዎ ይጻፉ።

ሲስተሙ አላውቅዎትም ሲል

አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ማንነትን ማረጋገጥ ላይ ነው። ገጹ ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀንና ሶሻል ተቀብሎ ፋይል ይፈልጋል፤ ከዚያ ወይ በስልክ ኮድ ይልካል፣ ወይ ከፋይሉ ውስጥ ጥያቄ ያወጣል። በየትኛው ጎዳና ኖረዋል፣ የመኪና ብድርዎ ከየትኛው ባንክ ነበር የሚሉ ናቸው። ከምርጫዎቹ መካከል «አንዱም አይደለም» የሚለው ለማሳሳት የገባ ሳይሆን በተደጋጋሚ ትክክለኛ መልስ ነውና በግምት ሌላ አይምረጡ። ኮዱ ደግሞ በእርስዎ ስም ያልተመዘገበ ስልክ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ በትዳር ጓደኛ ወይም በወንድም ስም በተከፈተ የቤተሰብ መስመር ውስጥ ያለ ቁጥር፣ ወይም በቅድመ ክፍያ የተገዛ ሲም ሲሆን ይህ ያጋጥማል።

ለኢትዮጵያውያንና ለኤርትራውያን የስም ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ሶሻል ካርዱ ላይ የአያት ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት ስም መሐል ገብቶ፣ ባንኩ ደግሞ የአባትን ስም የመጨረሻ አድርጎ መዝግቦ ሊሆን ይችላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ ጋ ሁለት ኤስ፣ ሌላው ጋ አንድ፤ አንዱ ጋ ኢ፣ ሌላው ጋ አይ። ክሬዲት ድርጅቱ ፋይሉን የሚያዛምደው በእነዚህ ስለሆነ ታሪክዎ ለሁለት ተከፍሎ ሊቀመጥ፣ ወይም ተመሳሳይ ስም ካለው ሌላ ሰው ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ፍሪዝ ከመጠየቅዎ በፊት ከሦስቱም ሪፖርት ያውጡና ስምዎ እንዴት እንደተጻፈ፣ የትኛው አድራሻ እንደተመዘገበ ይዩ፤ ከዚያ በየገጹ ልክ እንደዚያው አድርገው ይሙሉ። የአፓርትመንት ቁጥር መዝለል ብቻውን ማረጋገጫውን ሊያበላሽ ይችላል። የተሳሳተው ስም እንዲታረም በዚያው አጋጣሚ ይጠይቁ፤ የተከፈለ ፋይል ካለ አንዱ ታግዶ ሌላው ክፍት እንዳይቀር።

ሁለት ጊዜ ካልተሳካ አይደጋግሙት፤ ሲስተሙ ይዘጋብዎታል። ወደ ስልክ ይዙሩ፤ እሱም እንቢ ካለ ፖስታ አለ። በአንድ ፖስታ ውስጥ ጥያቄውን የያዘ አጭር ደብዳቤ ከሙሉ ስም፣ ከልደት ቀን፣ ከሶሻል ቁጥርና ካለፉት ሁለት ዓመታት አድራሻዎች ጋር፣ የመንጃ ፈቃድ ወይም ሌላ የመንግሥት መታወቂያ ግልባጭ፣ እንዲሁም አሁን ያሉበትን አድራሻ የሚያሳይ የመብራት፣ የውሃ ወይም የባንክ ወረቀት ይግባ። ዋናውን ሰነድ በፍጹም አይላኩ። የኢኩፋክስ ፖስታ ሳጥን 105788፣ አትላንታ፣ ጆርጂያ 30348 ነው፤ የኤክስፒሪያን 9554፣ አለን፣ ቴክሳስ 75013፤ የትራንስዩኒየን 160፣ ውድሊን፣ ፔንሲልቬንያ 19094። በ«ሰርቲፋይድ ሜይል» ከመድረሻ ደረሰኝ ጋር ይላኩት፤ የሦስቱ ቀን ሕጋዊ ቆጠራ የሚጀምረው ከደረሰበት ቀን ነው፣ ደረሰኙ ደግሞ ያን ቀን ይመሰክራል። ከ2018 በፊት አግደው ፒን የተሰጥዎ ከሆነ ወረቀቱን አይጣሉት፤ በስልክ ሲጠይቁ ሊያገለግል ይችላል።

ሲያነሱ

ፍሪዝን የሚጠሉ ሰዎች የሚጠሉት የማንሳቱን ጣጣ ነው። ትክክለኛው መንገድ ከታወቀ ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከማመልከትዎ በፊት አበዳሪውን «የየትኛውን ድርጅት ሪፖርት ነው የምታዩት?» ብለው ይጠይቁ። ለክሬዲት ካርድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ያንን ብቻ ያነሳሉ፣ ሁለቱ እንደተዘጉ ይቆያሉ። ለሞርጌጅ፣ ማለትም ለቤት መግዣ ብድር፣ ሦስቱንም ማንሳት ግድ ነው። የመኪና ዲለር ዘንድ ማመልከቻው ለብዙ ባንኮች በአንዴ ስለሚበተን ሦስቱንም ማንሳት ይሻላል፤ ዲለሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የይለፍ ቃል ከመፈለግ ከቤት ሳይወጡ መጨረስ ነው።

«ለጊዜው ማንሳት» እና «ማስወገድ» ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁልጊዜ ለጊዜው የሚለውን ይምረጡ፤ ያስወገደ ሰው ተመልሶ ማገዱን ይረሳዋል፣ ፋይሉም ለዓመታት ክፍት ይቀራል። ቀኑን ሲወስኑ ለካርድ ከማመልከቻው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ አንድ ሳምንት ይበቃል። ለቤት ግን አበዳሪው ከፊርማው በፊት ፋይሉን ደግሞ ሊያይ ስለሚችል ግዢው እስከሚጠናቀቅበት እስከ መዝጊያው ቀን የሚዘልቅ ጊዜ ይስጡት፤ መዝጊያው ከተራዘመ ማንሻውንም ያራዝሙ።

ማንሳቱን ረስተው ካመለከቱና ባንኩ ሪፖርቱን ማየት አልቻልኩም ካለ አዲስ ማመልከቻ አይሙሉ። ፍሪዙን አንስተው ወደ ባንኩ ይደውሉና ያንኑ ማመልከቻ እንደገና እንዲያዩት ይጠይቁ። እንደ አዲስ ቢያመለክቱ ስኮር የሚቀንስ ተጨማሪ ጥያቄ በፋይልዎ ላይ ሊመዘገብ ይችላል።

ማንሳት የማያስፈልግበትም አለ። ሕጉ ቀድሞ ደንበኛ የሆኑበትን ባንክ፣ ዕዳ ሰብሳቢን፣ ኢንሹራንስን፣ ለቅጥርና ለቤት ኪራይ የሚደረግ ማጣራትን ከፍሪዙ ውጭ አድርጓቸዋል። ሆኖም የአፓርትመንት ቢሮዎች የሚጠቀሙበት የማጣሪያ አሠራር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና አከራይ «ክሬዲትህ ተዘግቷል» ካለ ከመከራከር የትኛው ድርጅት እንደሆነ ጠይቆ ለሁለት ቀን ማንሳት ይቀላል።

ክፍት የሚቀሩ በሮች

ሦስቱን ማገድ የብድርን በር ነው የሚዘጋው። በስምዎ የባንክ ሒሳብ ከፍቶ የሐሰት ቼክ የሚያዘዋውር ሌባ በዚህ አይቆምም፤ ባንኮች ሒሳብ ሲከፍቱ ብዙዎቹ የሚያዩት «ቼክስ ሲስተምስ» የተባለውን ሌላ መዝገብ ነው። እሱም በነፃ ይታገዳል። የስልክ፣ የኬብልና የመብራት ድርጅቶች የሚጠቀሙበት «ኤንሲቲዩኢ» የሚባል መዝገብ ደግሞ አለ፤ በማያውቁት ከተማ በስምዎ የተከፈተ የስልክ መስመር የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። አራተኛው የክሬዲት ድርጅት ኢኖቪስ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ይረሳል፣ ማገዱ ግን አጭር ሥራ ነው። እነዚህንም፣ ሦስቱን ትልልቆቹን ባገዱበት ቀን፣ አብረው ቢጨርሷቸው ይመከራል። በኢኩፋክስ ሥር ያለው የደመወዝና የቅጥር መዝገብ፣ «ወርክ ናምበር»፣ እሱም ይታገዳል፤ ነገር ግን ሞርጌጅ ሲጠይቁ አበዳሪው ገቢዎን የሚያረጋግጥበት ሊሆን ስለሚችል ማገድዎን ያስታውሱ።

እጅዎ ላይ ያለ ካርድ ቁጥሩ ቢሰረቅ ፍሪዝ ምንም አያደርግም፤ ያንን የሚከላከለው ባንክዎ ነው። በስምዎ ታክስ ሞልቶ ተመላሽ የሚወስድን ሌባ የሚያቆመው የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ የአይአርኤስ፣ ባለ ስድስት አኃዝ የማንነት ፒን ነው። በየዓመቱ አዲስ ይሰጣል፤ ከ2021 ጀምሮ ማንነቱን ማረጋገጥ የቻለ ሁሉ መጠየቅ ይችላል። በፖስታ የሚጎርፉት «ቀድመው ጸድቀዋል» የሚሉ የካርድ ደብዳቤዎችም በፍሪዝ አይቆሙም። ለእነሱ 888-567-8688 ደውሎ ለአምስት ዓመት ማስቆም ይቻላል፤ ለዘለቄታው ከሆነ የተፈረመ ቅጽ በፖስታ መላክ ይጠይቃል።

የልጆች ፋይል

ሌቦች የልጅ ሶሻል ይወዳሉ፤ ልጁ አድጎ እስኪያመለክት ድረስ ማንም አያየውም። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ ወይም ሕጋዊ ሞግዚት በነፃ ማሳገድ ይችላል። ልጁ ፋይል ከሌለው ድርጅቱ ለማገድ ብቻ መዝገብ ይከፍትለታል፤ ያ መዝገብ ለብድር አይውልም። 16 የሞላው ራሱ ይጠይቃል።

ይህ እንደ አዋቂው በአንድ ጠቅታ የሚያልቅ አይደለም፤ በሰነድ ነው። የወላጅ መታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ፣ የልጁ ሶሻል ካርድና የልደት ምስክር ወረቀት ግልባጭ ያስፈልጋል፤ ሞግዚት ከሆነ የፍርድ ቤት ወረቀት። በእኛ የስም አወጣጥ የልጅ የመጨረሻ ስም የአባቱ ስም ነው፣ የአባቱ የመጨረሻ ስም ደግሞ የአያቱ፤ የእናትየውማ ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። ፋይሉን የሚመረምረው ሠራተኛ ሦስት የተለያዩ ስሞች ሲያይ ዝምድናውን ከስም ሊያነብ አይችልምና የልደት ምስክር ወረቀቱ የወላጆችን ሙሉ ስም የያዘው ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ከሆነ የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም አያይዙ። በደብዳቤው ላይም አንድ መስመር ይጨመር፦ «የልጁ የመጨረሻ ስም በኢትዮጵያ ልማድ የአባቱ የመጀመሪያ ስም ነው።» በዚህ አንድ መስመር ምክንያት ከመመለስ የሚድን ፖስታ አለ።

ጥያቄው ካልተፈጸመ

ቀኑ ካለፈ መጀመሪያ ለድርጅቱ በጽሑፍ ያሳውቁ። ከዚያ ለሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በኢንተርኔት አቤት ማለት ነው። ድርጅቶቹ በአብዛኛው በ15 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣሉ፤ የመጨረሻው መልስ እስከ 60 ቀን ሊወስድ ይችላል። ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በግልባጭ መላክ አይጎዳም። የክሬዲት ሪፖርት ሕጉ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት ከ100 እስከ 1,000 ዶላር ካሳ፣ እንዲሁም የጠበቃ ወጪ ይፈቅዳል፤ የደረሰ ጉዳት ካለ በማስረጃ ይጠየቃል።

ማስረጃ የሚሆነው የማረጋገጫው ገጽ ፎቶ፣ የፖስታው ደረሰኝ፣ ከባንክ የመጣ የእምቢታ ደብዳቤ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በራስዎ ሪፖርት መጨረሻ አካባቢ ያለው የጠያቂዎች ዝርዝር ነው። እዚያ ላይ ሪፖርትዎን ማን መቼ እንዳየው ከነቀኑ ተጽፏል። ቀድሞ ደንበኛው ያልሆኑና ያላመለከቱለት አበዳሪ፣ ፍሪዙ ጸንቶ በነበረበት ቀን ተመዝግቦ ካገኙት፣ ያንን ገጽ አትመው ከአቤቱታው ጋር ያያይዙት።